ማን እንዳነበበኝ

ጥር 6

በዚህ ከተማ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ... በዚህ ሰፈር። እሺ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቁልፍ ስቀርጽ ውዬ ገባሁና በስልኬ ፎረማችንን ከፈትኩ። ማንበብና መጻፍ የተማርንበት የማታ ትምህርት ሲያልቅ አስተማሪያችን "የተማራችሁት እንዳይጠፋባችሁ እዚህ ተጻጻፉ" ብላ የከፈተችልን ነው። "ኃላፊ ማን ይሁን?" ስትል እጁን ያወጣው ማን ነው? እኔ!

ደንባችን የመማሪያ ክፍላችን ደንብ ነው። የመጣ "ገብቻለሁ" ይላል፤ ውስጥ ያለ "ግባ" ይለዋል።

"ገብቻለሁ" አልኩ። ዝም። የገዛ ቤቱን መስኮት ሰብሮ ስለገባው ሰውዬ ቀልድ ጻፍኩ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥር 8

መልእክት መጣ። የፎረሙን ሶፍትዌር አሻሽል፣ ክፈል ይላል። ጎረቤቴን ኮምፒውተር ጠጋኟን ጠየቅኳት።

"ጋሼ፣ አሮጌውም እኮ ይሠራል።"

"አዲሱ ምን ይጨምርልኛል?"

"ማን እንዳነበበ በስሙ ያሳይዎታል።"

"ማንም ካላነበበስ?"

"እሱንም ያሳያላ!"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ... ምን ላድርግ?

ጥር 9

አልከፍልም! አሁን ቢያንስ ሁሉም ዝም ብለው እያነበቡኝ ይሆናል። ይሆናላ? ቢያሳየኝና ማንም ባይኖርስ?

ደግሞ ገንዘቡ የጫማ ነው። የቀኙ ውሃ ያስገባል።

ጥር 13

አብሮኝ የተማረውን ብረት በያጅ መንገድ ላይ አገኘሁት።

"ቀልዴን አየኸው?"

"የቱን?"

"የመስኮቱን ነዋ!"

"አይ... ስልኬ ተበላሽቶብኝ።"

ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ያበራል።

ጥር 14

ከፈልኩ። ለምን? እንጃ። የተዘጋ ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም፣ ሥራዬ ነው።

ጥር 15

"ገብቻለሁ።" ከሥሩ ዜሮ። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ጥር 17

አንድ ስም!

ልብስ አጣቢዋ! ትምህርት ላይ ከኋላ ተቀምጣ፣ እኔ ስቀልድ አፏን በእጇ ሸፍና የምትስቀው። ማንበቡን እንደጨረሰች እናቷ ታመሙባትና መጻፉ ላይ አቋረጠች። ዛሬ ግን የድሮዎቹንም ወደ ላይ እየወጣች አንብባለች። የመስኮቱንም!

ከዚያ ራሷ ጻፈች። "ግባ የኔ ጌታ።"

እዩልኝማ!

ጥር 18

ያለ ወቅቱ ዘነበ። ቀኝ እግሬ ረጥቦ ዋለ። እያፏጨሁ ቁልፍ ስቀርጽ ጠጋኟ "ጋሼ፣ ምን ተገኘ?" አለችኝ። "ሰው" አልኳት።

ይሄን ደብተር ማንም አያየውም፣ እውነቱን ልጻፈው። "የኔ ጌታ" አላለችም። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ቃሏ ብቻውን ሲሆን አጠረብኝ መሰለኝ።

"ግባ" ነው ያለችው። በቃ፣ "ግባ"።

እሱን ግን ራሷ ናት የጻፈችው።