«አኮ» የተባሉት ሁለት ፊደላት

ለተከበሩት እኅቴ ለእትዬ ይርጋነሽ፤ ቢቸና።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጉልበትዎ ሕመም ከክረምቱ ጋር አለፈልዎ? እናታችንስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ስጋት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ስጋቴ ፋንታ የሚባለው የማባዣ ክፍል አለቃችን ነው። ሥራችን እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ በእጅ ይረቀቃል፤ ጸሐፊዋ ዘኪያ ስቴንስል በሚባል ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ በታይፕ ትመታዋለች፤ እኔ ስቴንስሉን ማሽኑ ላይ አድርጌ እያዞርሁ አባዛለሁ። ረቂቁ ከታረመ ስቴንስሉ እንደገና መመታት አለበት። እርስዎ በጎተራ ያለውን ገብስ ቢለውጡ፣ አስቀድሞ የተፈጨው ብቅል አብሮ አይለወጥም። ፋንታ ግን ይህች አትገባውም። ረቂቁን በቀይ ቀለም ከሰረዘ፣ ማሽኑ ከሩቅ አንብቦ ራሱን የሚያርም ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ባዶ ጭንቅላት ለሚሸከመው አንገቱ አዝንለታለሁ።

ባለፈው ወር በመፈክር ረቂቅ ላይ «ኢሠፓአኮ» የሚለውን «ኢሠፓ» ብሎ አረመ። «አኮ» ማለት አደራጅ ኮሚሽን ነው፤ ፓርቲው ከተመሠረተ ወዲህ ቀርቷል። ዘኪያ አዲስ ስቴንስል ልምታ ብትለው፣ «አርሜዋለሁ እኮ» ብሎ እኔን አዙር አለኝ። አዞርሁ። ወረቀቱ ከታደለ በኋላ ዘኪያ አንዱን አንሥታ «አኮ» እንዳለ መሆኑን አየችና፣ የተወለደውን ልጅ ወደ ማሕፀን መለሳችሁት አለች። ሳቅሁ።

ነገሩ ሲመረመር ያ ወራዳ ፋንታ፣ ቀለም የነካ እጄን ለመርማሪዎቹ አሳይቶ፣ አውቆ ነው፣ ፀረ አብዮት ሳይሆን አይቀርም አለ። ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣ ለእርስዎ አልነግርም። ለጊዜው በማስጠንቀቂያ ታለፍሁ።

ትናንት ደግሞ በስብሰባ ጥሪ ረቂቅ ላይ ሰዓቱን በቀይ ለውጦ መጣና፣ በዚያው በአሮጌው ስቴንስል አዙር አለኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ መጀመሪያ ዘኪያ ትምታው አልሁት። እንግዲያው ነገ አትምጣ ብሎ ራሱ አዞረው።

ዛሬ እየፈራሁ ሄድሁ። ለስብሰባው የተጠሩት ሰዎች በአሮጌው ሰዓት መጥተው አዳራሹ ተቆልፎ አገኙት፤ በቁጣም ወደ ክፍላችን ገቡ። ፋንታ ጥግ ይዞ እጁን በሳሙና ይፈትጋል። የማባዣ ቀለም በሳሙና እንደማይለቅ እንኳ አያውቅም። እስካሁን ውጣ ያለኝ የለም።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜአለሁ ይበሉልኝ፤ ስለ ስጋቴ ግን አይንገሯት። ለባለቤትዎ ለአቶ ገብረ ኪዳን፣ ለወለተ ሥላሴና ለታናሿ ለውበቴ ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤውን በፖስታ ሳይሆን በነጋዴው በይማም እጅ የላክሁት ስለሚያውቁት ምክንያት ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ኃይለ ጊዮርጊስ
ሞጣ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.