ያልተቀመጥሽበት በርጩማ

ይድረስ ድሬዳዋ ላለችው ልጄ ለሰርኬ ተክለማርያም።

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ሙቀቱ ጋብ አለልሽ? ባለቤትሽ ሰይፈሥላሴስ ደህና ነው? የልጅሽ የሄቨን ሳል ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ተቆጥቻለሁና።

ስለ እናትሽ ስለ ተሻለች፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጻፍሽው መጽሐፍ ደርሶኛል። የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ያን ያህል ስለማያዘልቀኝ ጎረቤታችን ሃጂራ አነበበችልኝ። ይኼን ግን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሽፋኑ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ይላል። እናትሽ ስትሞት አንቺ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ጸጉሯን እያበጠርሽ፣ መርቃሽ እንዳረፈች ጽፈሻል። እኔን ደግሞ በረንዳ ላይ አቁመሽ ታስለቅሺኛለሽ።

የቱ በርጩማ? ሰባት ወር ሙሉ ያጠብኳትም ያበጠርኳትም እኔ ነኝ! ድንጋይ ሲጠርብ በኖረ እጄ ጸጉሯን ስይዘው «ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ግንብ መሰለህ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ያን ሳቅ አውጥተሽ ምርቃት አስገባሽበት። በመጨረሻዋ ቀን አንድም ቃል አልወጣትም፤ እንደተኛች ነው ያለፈችው።

ሃጂራ «አባባ፣ ቢሆንላት የምትመኘውን እኮ ነው የጻፈችው» ብላ ልታማልድሽ ሞከረች። ምኞት ከሆነ ምኞቴ ነው ብላ ትጻፈው አልኳት! አልቃሽ ለሟች ብትጨምርለት ለቀስተኛው ያውቃል፤ ያንቺን አንባቢ ማን ይንገረው? የሬሳ ሳጥኗን አብሮኝ የተሸከመው ጓደኛዬ ደሜ እንኳ ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «ለካ ሰርኬ ነበረች ያስታመመቻት! እኛ ረስተነው» አይለኝም? ሰውየው የገዛ ዓይኑን ትቶ መጽሐፍሽን አመነ። እኔ ስሞት ማን ሊመሰክርልኝ ነው?

ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው ብለሻል። ሳይታተም ያን በርጩማ አውጪው። በምትኩ ይኼን ጻፊ። የደረስሽው በሠልስቱ ነው። ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ቦርሳሽን ታቅፈሽ፣ መግባት አቅቶሽ ቀኑ መሸብሽ። እኔ ከውስጥ አይቼሻለሁ። እስካሁን የት ነበረች የሚል ቂም ይዞኝ ተነስቼ አልጠራሁሽም። ይኼንንም ጻፊው፤ አባቴ አይቶኝ አልተነሳም በይ። አላፍርበትም ልልሽ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል።

ሰይፈሥላሴን ሰላም በይልኝ። ሄቨንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መጽሐፉን ሳታስተካክዪ ግን እንዳታነቢላት። ሃጂራም ሰላም ብላሻለች፤ እሷስ መጽሐፍሽን ወዳዋለች።

አባትሽ ተክለማርያም
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.