መምህሬና የርቢ ፍየሎችህ

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድም ዓለሜ፣ ለምስጋናው፤

በሰው አገር እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን የሚይዝህስ ተሻለህ ወይ? አሠሪዎችህ እንዴት ይዘውሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አለን የምልህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዘንድሮ በፃግብጂ አለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ የመጣ ነገር ቤታችንን ስላፈረሰው ነው። በየካቲት የላክኸውን የድምፅ መልእክት መጀመሪያ ብቻዬን መስማት ነበረብኝ። እኔ ግን ድምፅህ ናፍቋቸዋል ብዬ አባባ አጠገብ ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። "ሃያ ሦስት ፍየል አንድ ሳይቀር ድርቅ አይጨርስም፤ አባባ ናቸው የበሉብኝ" ስትል ሰሙ። ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ይኸው አራተኛ ወሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ መሳለም ትተዋል። አንተ ተናገርክ፣ እኔ አሰማሁ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ግን ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም።

የሆነውን ስማ። ዝናቡ ገና በነሐሴ ሲቆም ለዕረፍት ቤት ነበርኩ። ፍየሎችህ ሳይከሱ ወደ ሰቆጣ ገበያ እንንዳቸው ብዬ አባባን ለመንኳቸው። በተማርኩት ተመክቼ፣ ድርቅ ሲመጣ ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ ወረቀት ላይ ስዬ አሳየኋቸው። አባባ ግን የርቢ ከብት ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሸጥም፣ ምስጋናው ግልገሉን እኩል ልንካፈል አደራ ብሎ ነው የሰጠኝ፣ ሽጥ ካለኝ እሸጣለሁ አሉ። አንተን ለማግኘት ደግሞ ኔትወርክ የለም። በየሳምንቱ ዳገቱን እየወጡ ስልኩን ሽቅብ ይዘው ይቆማሉ፤ ደክሟቸው ይመለሳሉ። በኅዳር ፍየሎቹ መውደቅ ጀመሩ። መስመሩ ሲመለስ አንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ ማለቃቸው ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ጉዳይ ጻፍኩ። አርሶ አደሩ የገበያ ግንዛቤ ስለሌለው ከብቱን በጊዜ አይሸጥም ብዬ ደመደምኩ። ገጠር ተወልዶ እንደ ከተሜ መናገር እንዴት እንደሚጥም አትጠይቀኝ። አማካሪዬ መምህር ዓለምነህ ይባላሉ። ሌላ ቢሆን ፈርሞ ይሸኘኝ ነበር። እሳቸው እያንዳንዱን ገጽ በእርሳስ እየነካኩ አንብበው ጠሩኝና "ትግስት፣ ይህን መደምደሚያ አባትሽ ፊት ማንበብ ትችያለሽ?" አሉኝ።

በሚያዝያ የራሳቸውን ዕረፍት ትተው አብረውኝ መጡ። ከሰቆጣ ወዲህ መኪና አጥተን በእግር ነው የሄድነው። ምን አቀርብላቸዋለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ስሳቀቅ ነበር። እሳቸው ከመደቡ ሥር ቁጭ አሉ። ርቢ እንዴት እንደሚሰጥ እንዲያስተምሯቸው አባባን ለመኑ። አባባ ዞሩ። ልጅ ሳለን ያወሩን እንደነበረው በኽምጣኛ መለሱ፤ እኔ ተረጎምኩ። በጆሮዬ ስሰማው የኖርኩትን ነገር በአፌ ስናገረው ከበደኝ።

ከዚያ ተነሥተው ወደ ፍየሎቹ ጉሮኖ ወሰዱን። ሃያ ሦስቱም ሌጦ ከነጆሮ ምልክቱ ተሰቅሏል። ቤት ውስጥ እህል ጠፍቶ እንኳ አንዱን አልሸጡም። "የርቢ ከብት ሲሞት ሌጦው ለባለቤቱ ይታያል። ልጄ ሲመጣ ያያል" አሉ። መምህሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አዩ። የአንተን ሥራ እሳቸው ሠሩልህ።

ስንመለስ የአባትሽ ምክንያት ከእኔ ትምህርት ይቀድማል፣ ከእሱ ተነሥተሽ እንደገና ጻፊ አሉኝ። እዚያው የሚያስተምሩን መምህርት ዮርዳኖስም ኮምፒውተራቸውን ከነቢሮ ቁልፋቸው ለቀቁልኝ። አሁን በየቀበሌው እየዞርኩ ሽማግሌዎችን የምለምነው ርቢ ሲሰጥ ዝናቡ በነሐሴ ከቆመ ሳትጠይቀኝ ሽጥ የሚል ቃል በምስክር ፊት አብሮ እንዲሰጥ ነው። አንዳንዱ ክፉ አታሟርቺ ብሎ ያባርረኛል። ስድስት ባለከብቶች እሺ ብለውኛል። ላይሳካም ይችላል፤ ለእኛ ቤት ደግሞ ረፍዷል።

ትምህርቱን ተይና ወደ ጅዳ ነይ ያልከኝን አስቤበታለሁ። እስከ ዓምና ከዲግሪው በኋላ ምን ልትሆኚ ነው ብትለኝ ባንክ ቤት መስኮት ውስጥ መቀመጥ ነበር የምልህ። አሁን የምሠራውን አውቄዋለሁ። አልመጣም፤ አትቀየመኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃላት አትፈልግ፤ አንተ እንደሁ ቃል ስትመርጥ ዓመት ይፈጅብሃል። ደውለህ አባባን አምኜዎታለሁ በላቸው። ወድቀዋል፣ ሰውነታቸው አልቋል፣ ቶሎ በል።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ጾሙን እንዳትረሳ ትልሃለች። እህታችን ባንቺ ሁለተኛ ልጇን በሰላም ተገላግላለች፣ ስም አውጣላት ብላለች። ጎረቤታችን ትእዛዙ እጅ ነሥተውሃል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የእሳቸው ልጅ ጌታሁን ነውና በደንብ ተቀበለው። አባባ ሰላም በይልኝ አላሉኝም። ሰላምታውን ከአንተ ነው የሚጠብቁት።

እህትህ ትግስት
ሰቆጣ፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.