በሸክላው ሽፋን ላይ የተነሱ ሁለት ጣቶች

ለውድ ወንድሜ ለክሎቪስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ግሎሪያና ልጆቹ ደህና ናቸው? በርሚንግሃም ብርዱ ገባ ወይስ ገና ነው? እኛ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። እማማ መዳፏ ተሰፍቶ ተቀምጣለች፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው። የምጽፍልህ ስለ ታናሻችን ስለ ኤቨራልድ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

መቼም ሥራውን ታውቃለህ። በዚህ ከተማ ሸክላ ያሳተመ ዘፋኝ ሁሉ ሽፋኑን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ይጀምራል፤ በየጥጉም የሚያስቅ ነገር ይጨምራል፤ ቁምጣው የወለቀ ፖሊስ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ፍየል። የሚበላው እንኳ ብሩሹን ሳያስቀምጥ ነው። እማማ "አንተ ልጅ፣ ቀለሙን ከሾርባው ጋር ልትጠጣው ነው" ትለዋለች።

ባለፈው ወር ሌስተር መጣ። ከሰፊው መንገድ ማዶ የሚኖረው ዘፋኝ፣ የእትዬ ኢኔዝ ልጅ። ዘፈኑ ቡና ቤት ገብቶ ለራሱና ለፍቅረኛው ቢራ ስለሚያዝ ሰው ነው። ኤቨራልድም ሌስተርን ባንኮኒ ተደግፎ፣ ለአሻሻጯ ሁለት ጣቱን ሲያነሳ አድርጎ ሳለው። ሁለት ቢራ ማለቱ ነው፤ በቃ። ምርጫ መድረሱን፣ ሁለት ጣት የማዶዎቹ ፓርቲ ምልክት፣ የእኛ ሰፈር ምልክት ደግሞ ጡጫ መሆኑን ይህ ሥራ ያሰከረው ልጅ አላሰበውም። እኛም አይተን ሳቅን።

ሸክላው ሱቅ በገባ ማግስት የሰፈራችን አለቃ ባክስተር ሰዎቹን አስከትሎ በቀትር መጣ። በሩን በእርግጫ ገነጠሉት። ኤቨራልድን በሽጉጥ ሰደፍ አፉን ሲሉት የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ባክስተር የኤቨራልድን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ገጀራ አስደገፈበት። "ጌታው፣ የማዶዎቹን ምልክት የሳልክልን በየትኛው ጣትህ ነው?" አለው። ኤቨራልድ ደም እየተፋ "ቢራ እኮ ነው፣ ቢራ እያዘዘ ነው" ይላል። ሰዎቹ ሳቁ። እማማ ዘላ ስለቱን በባዶ እጇ ያዘችው። "አንተ ባክስተር፣ ከእናትህ ሆድ ተቀብዬ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ምነው በተውኩህ ኖሮ" አለችው። ባክስተር ገጀራውን ከእጁ ላይ አነሳ። "ለእርስዎ ስል እማማ። ግን ጣቶቹን ይጨብጣቸው። ሱቅ ያለውም መጋዘን ያለውም ሁሉም ጡጫ ይሁን" አለ።

ቤተሰቡ በሙሉ ቀለም ይዘን ተቀመጥን። በየሽፋኑ ላይ የሌስተርን ጣቶች እያጠፍን ጡጫ አደረግናቸው። ባክስተር አይቶ "አሁን ገና ሰው ሆነ" አለ። እኛም ተረፍን ብለን እፎይ አልን።

ሌስተር የሚኖረው ማዶ መሆኑን ማን አሰበ፣ ክሎቪስ? እሱ ራሱ መች አሰበው! ሽፋኑን አይቶ "ቢራዬን ከለከላችሁኝ?" ብሎ ስቆ፣ ለጎረቤቶቹ ሊያድል ሸክላዎቹን ታቅፎ ሄደ። የገዛ ሰፈሩ ጎረምሶች ጡጫውን አዩት። በእናቱ ደጃፍ ላይ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ፊቱን በጥይት መቱት። እትዬ ኢኔዝ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ደሙ አንሶላዋ ላይ ተረጨ። ማንም እንዳያነሳው ከልክለው ፀሐይ ላይ አዋሉት።

ከዚያ ወዲህ ኤቨራልድ ብሩሽ አልነካም ነበር። ምግብ ሲቀርብለት ይገፋዋል። እባክህ ወንድሜ፣ የጀመርክለትን የመግቢያ ወረቀት ጨርስና ወደ አንተ ውሰደው። እዚህ ከቆየ ወይ ይገድሉታል ወይ ራሱን ያጠፋል፤ እኔ ፈርቻለሁ።

ትናንት እትዬ ኢኔዝ መንገዱን ተሻግራ መጣች። በዚህ ሰሞን ያን መንገድ የሚሻገር ሰው የለም። ልትረግመው ነው ብዬ በሩ ላይ ብቆም ገፍታኝ ገባች። የልጇን ፊት ስላበላሹት የሬሳ ሣጥኑ አይከፈትም፤ ለቀብሩ ሥዕል ትፈልጋለች። ኤቨራልድ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። "ተነስ ልጄ። ሲስቅ አድርገህ ሳልልኝ" አለችው። "እጁን ግን ኪሱ ውስጥ ክተትልኝ። ሁለቱንም።"

ግሎሪያን እቀፍልኝ፤ ዴዝመንድንና ትንሿን ፐርልን ሳምልኝ። እማማ በደህናው እጇ ትመርቃችኋለች። የኤቨራልድን ሰላምታ አልጨመርኩም፤ እየሳለ ስለሆነ ላስነሳው አልፈለግሁም።

እህትህ ቬሮና
ኪንግስተን፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1980