መስኮቱ ሲጠብ የሚጠፋው መስመር

ሐይቅ፣ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ኡበይድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ደህና ነኝ፤ የአንተን ደህንነት ከራስህ ጽሑፍ ስለተረዳሁ አልጠይቅም። ይህን በእጄ የምጽፈው አንተ በሠራኸው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ የመጨረሻውን መስመር አምኜ ስለማላስቀምጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ አደራ ያልከኝን ፈጽሜያለሁ። የፊታችን ሰኞ አዲስ አበባ ላይ ፕሮግራሙን ለድርጅቱ ሰዎች ታሳያለህ። ከወደዱት ይቀጥሩሃል፤ መስኮቱ ሲጠብ ጽሑፍ ከዋጠባቸው ግን የሦስት ዓመት ድካምህን ውሃ በላው። በስልክ አይገባኝም፣ የምታደርጊውን አንድ በአንድ ጽፈሽ ላኪልኝ አልከኝ። እሺ አልኩ። መቼ እምቢ ብዬህ አውቃለሁ?

ይኸው። ፋይሉን እከፍታለሁ። እስከ ገጹ ግርጌ እወርዳለሁ። ከዚያ አንዲት ነገር አደርጋለሁ። ቀጥሎ የመስኮቱን ጠርዝ በማውስ ይዤ አጠበዋለሁ። ያን ጊዜ የታችኞቹ መስመሮች ይጠፋሉ፤ መልሼ ባሰፋውም አይመጡም፣ ፕሪንት ሳደርገውም ወረቀቱ ላይ የሉም። ያቺን አንዲት ነገር ካላደረግኩ ግን መቶ ጊዜ ባጠበውና ባሰፋው ምንም አይሆንም። ይህን ለመለየት ደንበኛ እየመለስኩ አራት ቀን ፈጀብኝ።

ሳታውቂ አጥፍተሽው ይሆናል ስትለኝ ከርመሃል። ወይዘሮ ጸዳለን ታስታውሳቸዋለህ፣ እኔ ጋ ማመልከቻ የሚያጽፉት የአምባሰሏ ባልቴት። የመሬታቸውን አቤቱታ ጽፌ ከስክሪኑ ላይ አነበብኩላቸው፤ ወረቀቱ ሲወጣ አሻራቸውን አድርገው ውጫሌ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዱ። ምን እንደሚጠይቁ የሚናገረው የመጨረሻው መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ታዲያ ምን ፈልገው ነው የመጡት ብለው መለሷቸው። እኔን ሲወቅሱኝ ስምህን ላለማጥፋት ዝም አልኩ።

ደግሞ በእኔ ላፕቶፕ ላይ አይታይም ትላለህ። ደርሶብሃል፤ የማታየውን እንደሌለ ስለምትቆጥር ነው እንጂ። ለመሞከሪያ የላክኸልኝ ረጅም የማመልከቻ ፋይል ፊርማው ላይ የሚያልቅ መስሎሃል። እሁድ ጧት የጠፋውን መመለሻ ዘዴ አገኘሁና በእሱ ላይ ሞከርኩት። ከፊርማው በታች ለአጎትህ ለሐጂ ኑርዬ የጻፍከው ደብዳቤ ብቅ አለ። በዚያው ገጽ ላይ አርቅቀኸው ኖሯል፤ ከዓይንህ ሲሰወር የሰረዝከው መስሎህ ለእኔ ላክኸው።

"ሰሚሃን ፈትቻታለሁ። ከሰኞ በፊት ግን እንዳይነግሯት። ብልሽቱን ለይታ እስክትጽፍልኝ ድረስ ታስፈልገኛለች።"

በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን ታስፈልጊኛለሽ ብለኸኝ አታውቅም። ይኸው ተጻፈ። እሁድን ሙሉ አለቀስኩ። በማግስቱ የጽሕፈት ሱቄን ከፈትኩ።

ትናንት ሐጂን ጠራኋቸው። ኒካችን ሲታሰር ምስክር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሳነብላቸው አንገታቸውን ደፉ።

"ወረቀቱ ደርሶኛል ልጄ" አሉ። "እስከ ሰኞ ዝም ይበሉ ስላለኝ ነው። ይቅር በይኝ፣ አፉ በይኝ።"

እሳቸውን አፉ አልኳቸው። አንተን አላልኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አጠገቤ አስቀምጬ ብልሽቱን ከነመድኃኒቱ አሳየኋቸው። ያቺን አንዲት ነገር እያዩኝ አደረግኳት፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ አምስት ጊዜ። መስመሮቹ ሲጠፉ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ሲመለሱ አልሐምዱሊላህ። ገባዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እንዴታ! አንዱን ነካ ስታደርጊው ይሄዳል፣ ሌላውን ነካ ስታደርጊው ይመጣል።"

ሐጂ ከሬዲዮናቸው ሌላ ነክተው የሚያውቁት ማሽን እንደሌለ ታውቃለህ። በዚህ ወረቀት ላይ ያቺን አንዲት ነገር አልጻፍኳትም። ለእኔ ያለህ ቃል በሳቸው አፍ እንዲደርሰኝ የመረጥከው አንተ ነህ፤ እኔም ለአንተ ያለኝን በሳቸው ዘንድ አስቀምጫለሁ። ደውልና ጠይቃቸው። ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል። እንዳትቆጣቸው ደግሞ፤ ያዩትን ሁሉ ሳይደብቁ ይነግሩሃል። እኔ ጋ ብትደውል አላነሳም።

የወይዘሮ ጸዳለን አቤቱታ እንደገና በእጄ ጽፌላቸዋለሁ። የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ነገ ውጫሌ ይወስዱታል። ጋቢህ እዚህ ቀርቶ ነበር፣ አጥቤ ለሐጂ ሰጥቻቸዋለሁ። አዲስ አበባ በዚህ ወር ጧት ጧት ይበርዳል።

አላህ እንደ ልብህ ይስጥህ።

እስከ ሰኞ ሚስትህ፣
ሰሚሃ