ከምሥራቁ በኩል የሰመጠው ኬክ

ለአባዬ፣

ከተለያየን ክረምቱ ወጣ፣ በጋውም ተጋመሰ፤ ዓመትህ ሊደርስ ነው። ካለህበት ደብዳቤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ሰሞኑን ግን ከአንተ ዘንድ አንድ መልእክት የደረሰኝ ይመስለኛል፤ መልስ ሳልሰጥ ዝም ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው የምጽፍልህ። በቤታችን እማዬ እንኳ ሳትቀር «አንቱ» ስትልህ «አንተ» የምልህ እኔ ብቻ ነበርሁ። ዛሬም ያንን መብቴን አልለቅም።

ቤቱ ደህና ነው። መቋሚያህ ከበሩ ኋላ እንደቆመ አለ፤ የሚነካው የለም። እማዬ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ነው። ያስተማርህበት ገዳም ያለባት ደሴት ከጓሯችን እንደ ጥቁር ጉብታ ትታያለች። የምታየው ግን ደሴቲቱን እንጂ አንተን አይደለም። የቀብርህ ዕለት ሴት ከማታልፍበት ከጀልባው ማረፊያ ቆመን፣ ከዛፎቹ ውስጥ የሚመጣውን የፍትሐት ዜማ ብቻ ሰማን። የት እንዳሳረፉህ ስንጠይቅ «መሪጌታ ምልክት አታድርጉብኝ ብለዋል» አሉን። ትሕትናህን አከብራለሁ አባዬ፤ ግን ተናድጄብህ ነበር። ሰው ለሚስቱና ለልጁ እንኳ ያለበትን ሳይናገር ይሄዳል? እማዬ ወዴት ዞራ እንደምታለቅስ ስላላወቀች ሳታለቅስ ቀረች። ፊቷ ደረቀ፣ ቃሏ አጠረ። የፈራሁት እሷንም እንዳላጣት ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ መምህራችን፣ የምናውቀውን አንድ ሕንፃ በኬክ ሠርተን እንድናመጣ፣ ከዚያም በፊቱ ቆርጠን ውስጡን እንድናሳይ አዘዘን። ሌሎቹ ሆቴልና ስታዲየም መረጡ። እኔ ያንተን ቤተ ክርስቲያን መረጥሁ። አይቼው አላውቅም፤ ግን ከሁሉም በላይ የማውቀው ሕንፃ እሱ ነው። ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ከደሴት ስትመለስ፣ ድፎ ዳቦውን ፊትህ አስቀምጠህ በጣትህ ትዞረው አልነበር? ዳሩ ቅኔ ማኅሌት፣ ገባ ያለው ቅድስት፣ መካከሉ መቅደስ። ዳሩን ቆርሰህ ታጎርሰኛለህ። ወደ መካከሉ እጄን ስሰድድ ግን «ቆይ፣ እዚያ ዝም ተብሎ አይገባም» ትለኛለህ። ካስተማርኸኝ ሁሉ በሆዴ የቀረው ይኸው ነው።

ዐቢይ ጾም ስለሆነ ኬኩም ጾመኛ ሆነ፤ ዘይት፣ ሙዝና ሎሚ ብቻ፣ እንቁላል የለ ቅቤ የለ። ከሥር የሚሆነውን ደሴት ለመጋገር ቅርጿን ስልኬ ላይ ካለው ካርታ ገልብጬ ለቆርቆሮ ሠሪ ሰጠሁት፤ ልክ እንደ ደሴቷ የተጣመመ መጋገሪያ ሠራልኝ። እማዬ ስታየው «ይኼ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» ብላ ሳቀች። አንተ ከሄድህ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ኬክ ከምሥራቁ በኩል፣ ወደ ውሃው በሚወርደው ጫፍ ላይ ሰመጠ። ጣት የምታስገባ ትንሽ ጉድጓድ። መብራት ሄዶ ስለነበር በዚያ አሳበብሁ። መብራት ሳይጠፋ ሌላ ጋገርሁ፤ እዚያው ሰመጠ። ምድጃው በአንድ ወገን እየበረደ ይሆናል ብዬ መጋገሪያውን አዙሬ አስገባሁት፤ አሁንም እዚያው። ቀትር ነበር፤ እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች። እሷ ሁልጊዜ ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም ትላለች፤ እኔም እስቅባት ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቆሟል፤ ከጎረቤትም ድምፅ የለም። ጉድጓዷን በስኳር ሊጥ ሞልቼ አስተካክዬ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ሰምጣለች። የተሰነጠቀ ነገር የለ፣ የተነካ ነገር የለ፤ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ተቀምጦ የተነሣ ይመስላል። ደግሜ ሞላኋት። ዓይኔ እያየ፣ ቀስ ብላ፣ ወረደች። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። ማንኪያውን ጥዬ እማዬ እስክትመጣ ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወዲያ አልታገልኋትም፤ እንዳለች ተውኋት። ቤተ ክርስቲያኑን በሦስት ዙር አቆምሁት። ጣራውን በተቆላ ፊዲሊኒ ከደንሁ፣ ዙሪያውን በአረንጓዴ የስኳር ዛፍ ሞላሁ። ከጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላሎቹን በነጭ ስኳር አድቦልቡዬ ሰካሁ። እንቁላል የሌለበት ኬክ፣ እንቁላሉ ጣራው ላይ! አንተ ብታየው ምን ያህል ትስቅ ነበር።

በማቅረቢያው ቀን መምህሩ ቢላዋ ሲያቀብለኝ ነው ጉዴ የታየኝ። መቅደስ ስሠራ ሰንብቼ ቢላዋ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቻለሁ! ቅኔ ማኅሌቱን ቆረጥሁ፤ ቅድስቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። መምህሩ ቀጥይ ሊለኝ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ምንም ሳያይ፣ ውስጡን እንዳየውና እንደሚበቃ ተናገረ።

የተረፈውን ይዤ ቤት ገባሁ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ደቀ መዝሙርህ ዲያቆን ጥበቡ ለገበያ ከደሴት ወጥቶ ሊጠይቀን መጣ። ጣራውን አይቶ ሳቀ፣ ዛፎቹን አደነቀ። ዓይኑ ጉድጓዷ ላይ ሲያርፍ ግን የያዘውን ውሃ አስቀመጠና አማተበ። «አንች፣ ይህን ማን አሳየሽ?» አለኝ። ማንም እንዳላሳየኝ ነገርሁት። እሱም አንተን ያሳረፉህ እዚያች ላይ እንደሆነ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳላሉ ነገረን። በክረምቱ አፈሩ ሰመጠ፤ ሞሉት፤ ተመልሶ ሰመጠ፤ ደግመው ሞሉት። «የኔታ እንቢ አሉን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባዬ፣ ምልክት አታድርጉብኝ ብለህ አንተው አደረግኸው?

እማዬ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ኬኩ ፊት ቆመች። ጉድጓዷ ላይ ጎንበስ ብላ «እንደምን ሰነበቱ፣ መሪጌታ» አለች። ዓመት ሙሉ ያቆየችውን ልቅሶ ያኔ አለቀሰች፤ በቀን ብርሃን፣ በሳሎናችን፣ በሙዝ ኬክ ላይ። ሌላ ሰው ቢያይ ይስቅ ነበር። ዲያቆን ጥበቡ ግን ዳዊቱን አወጣና ይደግም ጀመር።

ዳሩን ለጎረቤት አደልን። ያችን የምሥራቁን ጫፍ ዲያቆን ጥበቡ ወስዶ ካለህበት ላይ ለወፎች አኖረልህ። እማዬ አሁን ትበላለች፣ ታወራለች፣ ትቆጣኛለችም። ልብስ ስታሰጣም ዓይኗ ከደሴቲቱ ምሥራቅ ነው።

ትናንት በዚያው መጋገሪያ፣ በዚያው ቀትር፣ ሌላ ጋገርሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አልሰመጠም፤ ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ሆና ወጣች። ገባኝ፤ የምትነግረንን ነግረኸን ጨርሰሃል። ልቤ ግን እንደገና የሄድህ ያህል ባዶ ሆነ።

ስለዚህ ኬኩ ሳይበርድ ከምሥራቁ በኩል ጣቴን አሳርፌ ጫን አልሁ። በየዓመቱ በዚህ ጾም እጋግርልሃለሁ፤ ጉድጓዷንም በገዛ ጣቴ አደርጋታለሁ። ቦታዋን አልስትም።

ልጅህ ትርሲት