የእማዬ ስም በቅጹ ላይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ገዴራ

ጎንደር ሄጄ ለሁለት ዓመት ዕብራይስጥ እንዳስተምር ተጠይቄያለሁ። ዛሬ ከክፍል እንደወጣሁ መምህራንን ወደ ውጭ የሚልከው ቢሮ ደወልኩ። ጸሐፊዋ ደመወዜ እንደማይቋረጥ፣ እዚህ ያለው ቦታዬም እንደሚጠበቅልኝ ነገረችኝ። በዓመት አንዴ ደግሞ የአገር ቤት ፈቃድ ከነትኬቱ አለ።

ለእማዬ ስነግራት፣ “አገር ቤት የሚሉት የቱን ነው?” አለችኝ።

“እዚህን ነዋ፣ እማዬ።”

በዕብራይስጥ “ቤሰደር”፣ እሺ፣ ብላ ሳቀች። ቀጥላም፣ “እናትስ ይዞ መሄድ ይፈቀዳል? እኅቴ እኮ እዚያው ናት” አለች።

ከጎንደር ወደዚህ ከመጣን ጀምሮ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ቢሮው በላከልኝ ቅጽ ላይ አብሮ ለሚሄድ ባልና ልጅ የተተወ ቦታ አለ። እኔ ሁለቱም የለኝም። የእማዬን ስም ጻፍኩበትና ላክኩት። ምን ይሉኝ ይሆን?